ካርፕ ፍለጋ ወደ ዳንግላ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ዓሣ ነው። "ደግሞ ዓሣም ታሪክ አለው እንዴ?" የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰን። እኛም መጀመሪያ እንደዚያው ብለን ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ጥር 23 በእንጅባራ የሚደረገውን የአዊ ፈረሰኞች ትርዒት ለማየት ተሰባስበን ሄድን። ከመካከላችን አንዱ ደቡብ አፍሪካ ብዙ ዓመት ሠርቶ የተመለሰ ወዳጃችን ነው። ሰው ሁሉ ካሜራ ሲይዝ እሱ የያዘው አንድ ረጅም ቦርሳ ነበር። ውስጡ የሚገጣጠም ቀጭን ዘንግ፣ ወፈር ያለ ቢጫ ክር የተጠቀለለበት መዘውርና አንዲት ትንሽ ሣጥን አሉ። ሣጥኗን ሲከፍታት ዝንብ! በላባ፣ በፀጉርና በክር መንጠቆ ላይ የታሰሩ የውሸት ዝንቦች በተርታ ተደርድረዋል።

ነገሩ ፍላይ ፊሺንግ ይባላል። ትል የለ፣ ሊጥ የለ። ዓሣው በውሸት ዝንብ ይታለላል። ዝንቧ ክብደት ስለሌላት ራሷን ችላ ሩቅ አትወረወርም፤ የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ነው፤ እሷ ተከትላው ትሄዳለች። ወዳጃችን ዮሐንስበርግ ሳለ እሑድ እሑድ በዚህ ዘዴ ካርፕ የሚባለውን ዓሣ ሲያጠምድ ነበር የኖረው። እናም ዘንገና ሐይቅ ዳር ገና ከመኪና ስንወርድ የጠየቀን ጥያቄ አንድ ነው፦

"እዚህ አገር ካርፕ አለ?"

ሳቅን። መልሱን ግን አንዳችንም አላወቅነውም።

ዘንገና ላይ ውሃውን አይተን ከመደነቅ በቀር ምንም አላደረግንም። በማግስቱ ዳንግላን አልፈን፣ ከአዊም ወጣ ብለን፣ ወተት ዓባይ ላይ ግልገል ዓባይ ዳር ቆምን። ወዳጃችን ክሩን በአናቱ ላይ ወዲያ ወዲህ እያፏጨ መወርወር ሲጀምር አንድ አዛውንት ከብቶቻቸውን ትተው መጡ።

"ልጆቼ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"ዓሣ እያጠመድን ነው አባባ።"

"በጅራፍ?"

እውነታቸውን ነው፤ ሲታይ የቡሄ ጅራፍ ነው የሚመስለው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንዲት የብር ቀለም ያላት፣ አፏ ዳር ትንንሽ ጢም ያበቀለች ዓሣ ተያዘች። ወዳጃችን አያት፣ እጁን ውሃ አስነክሮ ያዛት፣ መንጠቆውን ነቀለና መልሶ ለቀቃት። አዛውንቱ ክፉኛ ደነገጡ።

"ይዛችሁ ስትለቁት ምን ሊበጃችሁ? ዓሣ ከፈለጋችሁማ በክረምት ኑ፤ ያን ጊዜ ብርብራ ይዞ መውረድ ነው!"

ይህን ጽሑፍ የወለዱት እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የወዳጃችን "ካርፕ አለ ወይ?" እና የአባባ "ይዞ መልቀቅ ምን ይበጃል?" መልሱን ስንፈልግ ከፍራንክፈርት እስከ ፊሊፒንስ ዞርን። እንግዲህ አብራችሁን ዙሩ።

ካርፕና የአጎቱ ልጆች

ካርፕ እግሩ (ክንፉ እንበል?) ከእስያና ከምሥራቅ አውሮፓ የተነሣ ዓሣ ነው። ሰው እየተሸከመው ዓለምን አዳርሶታል። አሜሪካ የመንግሥት የዓሣ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1877 ከአውሮፓ አስመጥቶ ካራባው በኋላ "ምነው ባላመጣነው" የሚል ብዙ ሆነ። ጭቃ ይቆፍራል፣ ውሃ ያደፈርሳል፣ የውሃ ውስጥ ተክል ይነቅላል። በዓለም ላይ እጅግ ጎጂ ከሚባሉት 100 ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥም ገብቷል።

ወደ እኛ አገር የገባው በጣሊያን ወረራ ዘመን አካባቢ ነው። ያመጡትም ጣሊያኖቹ ናቸው። በኋላ በአንዳንድ ግድቦችና ሐይቆች ተሠራጭቷል፤ ቆቃን መጥቀስ ይበቃል። በወዳጃችን ጥያቄ መሠረት እንግዲህ "ካርፕ አለ" ማለት ይቻላል፤ ግን እንግዳ ነው።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። ካርፕ ቤተሰብ አለው፤ ሳይንሱ ሳይፕሪኒዴ ይለዋል። ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ ማንም ያላመጣቸው፣ ከጥንት ጀምሮ ጣናና ገባር ወንዞቹ ውስጥ የሚኖሩ አሉ። ባሕር ዳር ላይ "ነጭ ዓሣ" እየተባሉ የሚሸጡት እነዚህ ናቸው። ያቺ ወተት ዓባይ ላይ የተያዘችው ባለ ጢምም ከእነሱ ወገን ናት። ወዳጃችን ገና ሲያያት "ይቺማ የቫል ወንዝ ቢጫ ዓሣ ናት!" ብሎ ጮኾ ነበር። እኛ ናፍቆት መስሎን ዝም አልነው። ለካ እውነቱን ነው።

ፍራንክፈርት ላይ የተጻፈ ስም

ኤድዋርድ ሩፔል የፍራንክፈርት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1831 ምጽዋ ላይ ወርዶ እስከ ጎንደርና ጣና ደረሰ። ወፍ ሰበሰበ፣ አውሬ ሰበሰበ፣ ዓሣም ሰበሰበ። አገሩ ገብቶ በ1835 ስለ ዓሦቹ ሲጽፍ ለአንዱ ወገን አዲስ የዘር ስም አወጣለት፦ ላቤዎባርበስ። ትርጉሙ ወደ "ባለ ከንፈሩ ባለ ጢም" ይጠጋል።

ይህ ስም ዛሬ አፍሪካን ሞልቷል። ደቡብ አፍሪካ በቫልና በኦሬንጅ ወንዞች የሚዋኙት፣ ሰው በዝንብ ለመያዝ ውድ ዘንግ ገዝቶ የሚሰለፍላቸው ቢጫ ዓሦች በሳይንስ ስማቸው ላቤዎባርበስ ናቸው። ስሙ መጀመሪያ የወጣው ግን ለጣና ዓሣ ነው። ወዳጃችን ዮሐንስበርግ ሆኖ ሲያጠምድ የነበረው ለካ የአገሩን ዓሣ ዘመድ ኖሯል!

ሌላም ነገር አለ። ሩፔል ለየዓሦቹ የሰጣቸውን ስሞች እስቲ ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፦ ነድጂያ፣ ሱርኪስ፣ ጎርጓሪ፣ ቤሶ። እነዚህ የላቲን ወዝ አላቸው? የመጨረሻውን የጣና አጥማጅ ዛሬም "ቤዞ" ይለዋል። ሰውየው ዓሣውን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ከአጥማጆች አፍ ለቅሞ እንደሄደ ይመስለናል። ታንኳ ቀዛፊው ዓሣን ከዓሣ ለይቶ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ለውሃ የመጡ ሰዎች

ከሩፔል በፊትም በኋላም ወደ አገው ምድር የመጡ ፈረንጆች ብዙ ናቸው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 ግሽ ዓባይ ላይ ቆመዋል። ሁለቱም ዓይናቸው ምንጩ ላይ ነበር። ብሩስ በመጽሐፉ ስለ አንድ የካርፕ ወገን ዓሣ ጽፏል፤ የጻፈው ግን ግብፆች እንዴት እንደሚያጠምዱት ነው። ምንጩ ድረስ መጥቶ ስለ ዓሣው ሲያወራ ልቡ ካይሮ!

ከዚያ ደግሞ የዳንግላው ቆንስል አለ። አዎ፣ ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት! ሜጀር ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የብሪታኒያ ቆንስል ሆኖ መቀመጫው ዳንግላ ነበር። ቀደም ሲል አረቢያን የዞረ፣ ወፍና አራዊት የሚመዘግብ ሰው ነው። የጣናን ዳርቻና ደሴቶቹን ዞሮ፣ የዓባይን ጉዞ በካርታ አስፍሮ፣ በ1936 "ሌክ ጣና ኤንድ ዘ ብሉ ናይል" የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ።

ለመሆኑ እንግሊዝ ዳንግላ ላይ ምን ትሠራ ነበር? ከምክንያቶቹ ትልቁ ውሃው ነው። አፄ ምኒልክ በ1902 (እ.ኤ.አ.) በተፈረመው ውል ዓባይን፣ ጣናንና ሶባትን የሚዘጋ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ ተስማምተው ነበር። ሱዳን ውስጥ ጥጥ ለሚያለማው መንግሥት ጣና ማለት ትልቅ የውሃ ጋን ነው። በ1930 ደግሞ ጄ.ጂ. ዋይት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጣና ላይ ግድብ ለመሥራት ጥናት አደረገ። ሁሉም ጋኑን ይለካል፤ ጋኑ ውስጥ ያለውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ከጠየቁት ጥቂቶች ውስጥ ጣሊያኖች አሉበት። አገራችንን በወረሩ በዓመቱ፣ በ1937፣ በጆቶ ዳይኔሊ የሚመራ የጥናት ቡድን ጣና ላይ ሰፈረ። ጆርጂዮ ቢኒ የተባለው ባለሙያ በ1940 የጣናን ዓሦች በብዙ ዝርያና ንዑስ ዝርያ ከፋፍሎ ዘረዘራቸው። አንዱን ጎርጎሬንሲስ አለው፤ ጎርጎራን ለማስታወስ። አንዱን ደግሞ ዳይኔሊ አለው፤ አለቃውን ለማስደሰት።

ከዚያስ? ከዚያ በ1973 ኪት ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ መጣና "እነዚህ ሁሉ አንድ ዓሣ ናቸው፤ መልካቸው ቢለያይም ዝርያቸው አንድ ነው" አለ። ከ130 ዓመታት በላይ የተሰበሰበው ስም በአንድ መጽሐፍ ተጠቅልሎ መዝገብ ቤት ገባ። ሃያ ዓመት ገደማ ዓለም የጣናን ነጭ ዓሦች "አንድ" እያለ ኖረ።

ነገሩን የገለበጡት ከሆላንድ ቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው። ሊዮ ናጌልከርከና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት ጥናት ርዕሱ ራሱ የጣናን ዓሦች "የተረሱ" ይላቸዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 15 የሚሆኑ የተለያዩ ዝርያዎች እንዳሉ ታወቀ። አንዱ ጥልቅ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ዳር ዳሩን። አንዱ አፉ ወደ ታች ነው፣ ሌላው ወደ ላይ። ስምንቱ ደግሞ ዓሣ በል ናቸው! የካርፕ ቤተሰብ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ የሚፈጨው ጉሮሮው ውስጥ ባለ ጥርስ ነው። እንዲህ ካለ ጥርስ አልባ ቤተሰብ ስምንት አዳኝ በአንድ ሐይቅ መገኘቱ ለሳይንሱ ዓለም ጉድ ነበር።

ይህ እንዴት ሆነ? ቁልፉ ጢስ ዓባይ ነው። 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረውን ፏፏቴ ከታች ወደ ላይ ዘልሎ የሚወጣ ዓሣ የለም። ጣናና ገባሮቹ በር የተዘጋበት ግቢ ሆኑ። የውጭ ተወዳዳሪ ሳይገባባቸው አንድ ቤተሰብ በውስጡ ሥራ ተከፋፍሎ ወለደ፣ ከበደ።

ሐምሌ ሲገባ

አሁን ወደ አዊ እንመለስ። የዳንግላና የአካባቢዋ ወንዞች፣ ኪልቲን የመሰሉት፣ ወደ ግልገል ዓባይ ይገባሉ፤ ግልገል ዓባይ ወደ ጣና። ለውሃው መንገዱ ቁልቁል ነው። ለዓሣው ግን በዓመት አንድ ጊዜ ሽቅብ ይሆናል።

ከእነዚህ 15 ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ ሐይቅ ውስጥ አይወልዱም። ክረምቱ ገብቶ ወንዞቹ ሲሞሉ፣ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ እንደ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰቡና ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበት፣ ጥርት ያለ፣ የሚፈስ ውሃ ነው። እንቁላላቸውን እዚያ ጥለው ይመለሳሉ።

የአባባ "በክረምት ኑ" ትርጉም ይህ ነው። ያን ጊዜ ዓሣው በብዛት ይመጣል። ብርብራም ያን ጊዜ ይወርዳል። ብርብራን የማያውቅ የከተማ ልጅ ካለ፦ ዛፍ ነው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጥና ዱቄቱ ገንዳ መሰል የወንዝ ክፍል ላይ ይበተናል። ውስጡ ያለው መርዝ ዓሣውን ያፍነዋል፤ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ትልቁም ትንሹም፣ ወላጁም ጫጩቱም። ዘዴው ጥንታዊ ነው፤ ለዘመናት አንድ ቤተሰብ ለአንድ ቀን ወጥ ሲያወጣበት ኖሯል። ሰው በዝቶ፣ ገበያ መጥቶ፣ ዓሣ በኪሎ ሲሸጥ ግን ነገሩ ተለወጠ።

ጣና ራሱም ተለውጧል። ለብዙ ዘመን ዓሣ ማጥመድ በደንገል ታንኳ የሚሠራ፣ በተለይ የወይጦዎች ሙያ ነበር። ጎረቤት ዝቅ አድርጎ ያያቸው ነበር፤ ዓሣቸውን ግን በጾም ይበላል! (ይህን ጉዳይ ሌላ ቀን እንመለስበታለን።) እ.ኤ.አ. በ1986 በሆላንድ አብያተ ክርስቲያናት እርዳታ የሞተር ጀልባና ረጃጅም የናይለን መረብ ገባ። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ለሰው ሥራና ምግብ ለመስጠት። ሆኖም መረቡ የሚዘረጋበት አንዱ ቦታ የወንዝ አፍ ሆነ፤ ወቅቱም ዓሦቹ ለመውለድ የሚሰበሰቡበት። ውጤቱ? ወንዝ ወጥተው የሚወልዱት ዝርያዎች ብዛት በ1990ዎቹ አሥር ዓመታት ውስጥ በ75 በመቶ ገደማ ወረደ። ጥናቱ እዚያው ባሕር ዳር ላይ የተሠራ ነው።

ሌላውም ተጨመረ። በመርዓዊ አጠገብ የቆጋ ግድብ ተሠራ፤ ለመስኖው ጥሩ ነው፣ ሽቅብ ለሚወጣ ዓሣ ግን የተቆለፈ በር ነው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ የጣናን ውሃ በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ በለስ ያወርዳል፣ እሱም በአዊው ጃዊ በኩል ያልፋል። በዓመቱ ደግሞ እምቦጭ ጣና ላይ ታየ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 315 ነው። አዋጁን ወንዝ ዳር ቆሞ የሚያነብ ግን ማን አለ?

"ታዲያ ዓሣ ቢያልቅ ሌላ እናመጣለን!" የሚል ይኖራል። ለእሱ ፊሊፒንስን እናሳየው። ላናኦ የሚባል ሐይቅ ነበራቸው። በውስጡ እንደ ጣና ያለ፣ ከካርፕ ቤተሰብ የሆነ፣ የትም የሌለ የዓሣ ወገን ነበር። ሰዎች ሌላ ዓሣ አምጥተው ጨመሩበት፤ መረቡም በዛ። በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15ቱን የላናኦ ዝርያዎች "ጠፍተዋል" ብሎ መዘገባቸው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የካርፕ ቤተሰብ ማኅበር በሐይቅ ውስጥ ደህና ሆኖ የቀረው የእኛው ጣና ነው። አሁን ገባችሁ? አንድ አድርባይ ባለ ሥልጣን ወይም አንድ ቅን ባለ ሀብት "ካርፕ እናራባ" ብሎ ግልገል ዓባይ ላይ አንድ በርሜል ጫጩት ቢደፋ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ዝንቡና የፈረሱ ጭራ

እንግዲህ "ይዞ መልቀቅ ምን ይበጃል?" ወደሚለው እንመለስ።

በዝንብ ማጥመድ ጥንታዊ ነው። ከ1,800 ዓመታት በፊት ገደማ ኤሊያን የተባለ ሮማዊ ጸሐፊ የመቄዶንያ ሰዎች ቀይ ሱፍና ላባ መንጠቆ ላይ አስረው ሲያጠምዱ ተርኳል። አውሮፓ ውስጥ ክሩ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የሚጎነጎነው ከፈረስ ጭራ ነበር። ከእንጅባራው የፈረሰኛ ትርዒት መልስ ይህን ስናነብ እርስ በርስ ተያየን። የፈረስ ጭራ እኛ ጋ መሲንቆ ላይ ዘፈን ያጠምዳል፤ እነሱ ጋ ዓሣ!

አገራችንም ከዚህ ጨዋታ ውጪ አልነበረችም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ ትራውት የተባለ ዓሣ መጥቶ ባሌ ተራሮች ላይ በዌብና በዳንካ ወንዞች ተለቀቀ። ለመብል ሳይሆን በዋናነት በዝንብ ለሚያጠምድ መዝናኛ ነው። ኬንያ ራሷ ያመጣችው በቅኝ ግዛት ዘመን ከስኮትላንድ ነበር። አያችሁ፣ ስለ ዓሣ ስናስብ እንኳ ከሰው አገር ማምጣት ነው የሚቀናን። ካርፕ ከጣሊያን፣ ትራውት ከኬንያ። ያለንን ግን "ነጭ ዓሣ" ብለን በጅምላ ጠርተን ቁጭ!

ደቡብ አፍሪካኖችም እንደ እኛ ነበሩ። ለዘመናት ትልቁ ክብር ከአውሮፓ ለመጣው ትራውት ነበር፤ ቢጫ ዓሣቸው የድሃ እራት ተብሎ ተንቋል። በኋላ የዝንብ አጥማጆች ቢጫው ዓሣ ምን ያህል ጉልበተኛ እንደሆነ ሲያዩ ነገሩ ተገለበጠ። ይዞ መልቀቅ ወግ ሆነ። አጥማጁ ለውሃው ጠባቂ ሆነ፤ ፋብሪካ ቆሻሻ ሲደፋ የሚጮኸው እሱ ነው። ወንዝ ዳር ያለውም ሰው ከእንግዳው ገንዘብ ያገኛል። ዓሣው ሞቶ አንዴ ከሚሸጥ ቆሞ ደጋግሞ ቢያዝ ይበልጥ ያወጣል ማለት ነው።

እኛ እዚህ ጋ የዋህ መሆን አንፈልግም። ልጆቹ የራባቸውን ገበሬ "ዓሣውን ልቀቀው" ማለት የጠገበ ሰው ምክር ነው። አባባም ቢሆኑ ጥፋተኛ አይደሉም፤ አባታቸው ያሳዩአቸውን ነው የሚያደርጉት። በዓመት ሁለት ቱሪስት ይመጣል ብሎ አንድ ቀበሌ ኑሮውን አይለውጥም። ግን አንድ ነገር መጠየቅ ይቻላል፦ አሥራ ሁለቱንም ወር አይደለም፤ እነዚያን የክረምት ሳምንታት ብቻ፣ እነዚያን ጠጠራማ ቦታዎች ብቻ። ሽቅብ የወጣው ወልዶ ይመለስ። ከጥቅምት በኋላ ያጥምድ የፈለገ፣ በመንጠቆ ይሁን በመረብ። ብርብራውም ዛፉ ላይ ይቅር።

ይህንንም ለአባባ ያኔውኑ ነገርናቸው። ዓሣው ከጣና ተነሥቶ ለመውለድ እንደሚመጣ ስንነግራቸው ዝም ብለው ውሃውን አዩ። ከዚያ፦

"እኛስ ወንዙ የሚያበቅለው መስሎን!" አሉ።

ከሁሉም በላይ የቆረቆረን ይህ አነጋገር ነው። ሩፔል ያውቅ ነበር። ቢኒ ያውቅ ነበር። ቫኽኒንገን ያውቃል። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው ከሁሉም በፊት ያውቅ ነበር። ያልተነገራቸው ወንዙ ከበራቸው የሚያልፈው አባባ ናቸው፤ ያልጠየቅነው ደግሞ እኛ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተን የወጣን የከተማ ልጆች። የካርፕን ወሬ ከኢንተርኔት እያነበብን፣ የአጎቱን ልጆች ስም ከሰው አገር ሰው ሰማን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ባሕር ዳር ገብታችሁ ዓሣ ስታዝዙ አስተናጋጁን "ነጭ ዓሣ የትኛው?" በሉት። ግራ ይገባዋል፤ ግድ የለም። ከዳንግላ ወደ መርዓዊ ስትሄዱም ወተት ዓባይ ድልድይ ላይ አንድ አፍታ ቁሙና ውሃውን እዩት። ወሩ ነሐሴ ከሆነ ከሥራችሁ ሽቅብ የሚወጣ መንገደኛ አለ።

ወዳጃችን ዘንጉን አሁንም አልሸጠውም። ሣጥኗ ውስጥ ግን አንዲት አዲስ ዝንብ ተጨምራለች፤ ከእንጅባራ ከመጣ የፈረስ ጭራ የታሰረች። ዓሣ ትያዝ አትያዝ ገና አልሞከራትም። "ክረምቱ ይለፍና፣ እነሱም ወልደው ይመለሱ" ይላል።

ቸር እንሰንብት!